«ዳመር»ን ስታዩ እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች አትድገሙ

ጓደኛዬ በፍላሽ አስጭኖ አመጣልኝና «ይሄን ካላየህ ምን አየህ?» አለኝ። አሥሩንም ክፍል በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ ስለ ጄፍሪ ዳመር አወራሁ። በኋላ ሳጣራ ግማሹ ወሬዬ ስህተት ሆኖ ተገኘ።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዳመር ከ1978 እስከ 1991 ባለው ጊዜ 17 ወንዶችንና ታዳጊዎችን የገደለ አሜሪካዊ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አብዛኞቹን የገደለው በዊስኮንሲን ግዛት፣ ሚልዋኪ ከተማ ነው። ኔትፍሊክስ ታሪኩን በተዋናዮች አሠርቶ በ2022 ለቀቀው። በ60 ቀን ውስጥ ከአንድ ቢሊዮን ሰዓት በላይ ታየ።

የመጀመሪያው ስህተቴ «ይሄ እኮ የተፈጸመ ነገር ነው» ብዬ ሁሉንም መዋጤ ነው። ግሌንዳ ክሊቭላንድን እንውሰድ። ፊልሙ ላይ ከዳመር ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤት ናት። የአስከሬኖቹ ሽታ እሷ ቤት ይገባል። ሰውዬው ሳንድዊች ይዞ በሯን ያንኳኳል። ያ ትዕይንት ላይ ትንፋሼን ነበር የያዝኩት። እውነተኛዋ ግሌንዳ ግን እዚያ ሕንፃ ውስጥ አልኖረችም። ቤቷ አጠገቡ ባለ ሌላ ሕንፃ ነበር። ከዳመር ጋር በአንድ ኮሪደር ትኖር የነበረችው ሌላ ሴት ናት፤ ሳንድዊች ሰጥቶኝ ነበር ያለችውም እሷው ናት። ደራሲዎቹ ሁለቱን ሴቶች አንድ አደረጓቸው። አልወቅሳቸውም፣ ለድራማ ያመቻል። ግሌንዳን ሆና የተወነችው ኒሲ ናሽም በዚህ ሚና ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት አግኝታለች፣ ሲያንሳት ነው። እኔ ግን የሳንድዊቹን ታሪክ ግሌንዳ ላይ ለጥፌ ለስንቱ ሰው እንደተረኩት!

አሁን አንድ ጥያቄ እየጠየቅኩ ነው የማየው፦ ይሄን ማን ሰማ? የፍርድ ቤት ንግግር ከሆነ መዝገብ አለው። የፖሊስ ስልክ ከሆነ ቅጂ አለው። ገዳዩና ሟቹ ብቻቸውን ክፍል ውስጥ ሆነው የተባባሉትን ግን ሊነግረን የቀረው ገዳዩ ብቻ ነው፤ የጎደለውን ደግሞ ደራሲው ይሞላዋል። መስማት የተሳነው ቶኒ ሂዩዝ ፊልሙ ላይ ከዳመር ጋር ቀስ እያለ ፍቅር ሲጀምር እናያለን። እናቱ ግን እንዲህ አልነበረም ብለዋል።

ሁለተኛው ስህተት ቀኑን አለመቁጠር ነው። እኔን በጣም ያስደነገጠኝም ይሄ ነው። ፊልሙ ወደፊትም ወደኋላም ይዘላል። ከላኦስ የተሰደደ ቤተሰብ ልጅ የሆነው የ14 ዓመቱ ኮነራክ ሲንታሶምፎን ክፍል ሁለት ላይ ነው ያለው። ቶኒ የሚመጣው ክፍል ስድስት ላይ ነው። የሁለት የተለያየ ዘመን ታሪክ ይመስላል። ወረቀት ላይ ስጽፈው ግን ቶኒ የተገደለው ሜይ 24 ቀን 1991 ነው። ኮነራክ ሜይ 27። ሦስት ቀን! ኮነራክ በዚያች ሌሊት ከዳመር ቤት ወጥቶ መንገድ ላይ ተገኝቶ ነበር፤ ፖሊሶቹ ልጁን ወደዚያው መልሰው ሲያስገቡት የቶኒ አስከሬን እዚያው መኝታ ክፍል ውስጥ ነበር። ይሄን ፊልሙን እያየሁ አልገባኝም ነበር። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ይሳቅባችሁ።

ሦስተኛው «ሰውዬው ምን ሆኖ ነው?» የሚለው ጥያቄ ላይ ተቸንክሮ መቅረት ነው። ልጅነቱ፣ የወላጆቹ ፍቺ፣ መጠጡ... ሻይ ቤት ተቀምጠን ሁላችንም የሥነ ልቦና ሐኪም ሆንን። ግድያው እንዴት 13 ዓመት ሙሉ ሳይታወቅበት ቆየ ብሎ የጠየቀ ግን ከመሀላችን አልነበረም። ያቺን የኮነራክን ሌሊት ተመልከቷት። ልጁ ራቁቱን፣ ራሱን ስቶ፣ ደም እየፈሰሰው መንገድ ላይ ነው። ሁለት ወጣት ሴቶች አይተውት ፖሊስ ጠሩ። አንዷ የግሌንዳ ልጅ ናት። ዳመር መጣና «19 ዓመቱ ነው፣ ፍቅረኛዬ ነው፣ ሰክሮ ነው» አለ። ፖሊሶቹ ጥቁሮቹን ልጆች ትተው ነጩን ሰውዬ አመኑ። ስሙን በሬዲዮ ቢያጣሩ ኖሮ በሕፃን ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት ተፈርዶበት ክትትል ላይ ያለ ሰው መሆኑን ያገኙ ነበር። ያ ጥቃት የደረሰበት ልጅ ደግሞ ማን መሰላችሁ? የኮነራክ ታላቅ ወንድም።

ግሌንዳ ደወለች። ልጅ አይደለም፣ አዋቂ ነው ተባለች። ደግማ ደወለች። ከዚያች ሌሊት በኋላ፣ ዳመር ጁላይ 22 እስኪያዝ ድረስ አራት ሰዎች ተጨመሩ። ከፖሊሶቹ ሁለቱ ተባረሩ፤ በ1994 ፍርድ ቤት ወደ ሥራቸው መለሳቸው። አንደኛው ኋላ ላይ የከተማው የፖሊስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጧል።

ሌላው ስህተት ፊልሙ እንዳለቀ ስልክ አንስቶ የእውነተኛውን ቤት ፎቶ መፈለግ ነው። እኔም ፈልጌያለሁ፣ አልዋሽም። የሟቾቹ እናቶችና እህቶች ግን ዛሬም እዚያው አሜሪካ አሉ። የአንዱ ሟች እህት ችሎት ላይ የጮኸችው ጩኸት ፊልሙ ውስጥ ቃል በቃል፣ ልብሷና ፀጉሯ ሳይቀር ተሠርቷል። ማንም አልጠየቀኝም ብላለች። አዘጋጁ ራያን መርፊ ደግሞ ወደ 20 ለሚሆኑ የሟቾች ቤተሰቦችና ወዳጆች መልእክት ልከን መልስ አላገኘንም ብሏል። ክሊፑ ግን ከእውነተኛው ጋር ጎን ለጎን እየተደረገ በቲክቶክ ዞረ።

ሚልዋኪዎች ይሄ እንዳይመጣ ብዙ ደክመዋል። ዳመር የኖረበትን ሕንፃ በ1992 አፈረሱት። በ1996 ደግሞ ዕቃዎቹ በጨረታ እንዳይበተኑ ከ400 ሺህ ዶላር በላይ አዋጥተው ገዝተው አጠፏቸው። ፊልሙ በወጣበት ዓመት ግን አንድ ነጋዴ የዳመር ነው ያለውን መነጽር 150 ሺህ ዶላር ጠየቀበት። የኢንተርኔት መገበያያው ኢቤይም የዳመርን ልብስ ለሃሎዊን መሸጥ እስከ መከልከል ደረሰ።

ትንንሾቹን ቶሎ ልበላችሁ። ልጆች ሶፋ ላይ «ተኝተዋል» ብላችሁ አትክፈቱት፤ ልጅ እንዲህ ዓይነት ፊልም ሲከፈት አይተኛም። ሌሊት ብቻችሁን አሥሩን ክፍል አትጨርሱ። በአማርኛ አሳጥረው የሚተርኩትን ሰምታችሁም አይተነዋል አትበሉ፤ እነሱ ጋ የሚቀረው ግድያው ብቻ ነው።

አንድ ክፍል ብቻ እይ ብትሉኝ ስድስተኛውን ነው የማየው። የሚከተለው ቶኒን ነው፤ ሥራውን፣ ጓደኞቹን፣ ሞዴል የመሆን ሕልሙን። ብዙው ንግግር በምልክት ቋንቋ ስለሆነ ጆሮ ብቻ ሰጥታችሁ ወጥ እየሠራችሁ አትከታተሉት፣ ምንም አይገባችሁም። ድምፁ ጥፍት ሲል ደግሞ ቴሌቪዥኑ ተበላሸ ብላችሁ ሪሞት አትፈልጉ። እኔ ፈልጌያለሁ።