ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የአንድ ቀን መንፈሳዊ ጉዞ ለማዘጋጀት

የካቶሊክ ምእመናን ማኅበር ከድሬዳዋ ተነሥቶ በሐረር ካቶሊካዊ ካቴድራል ለመጸለይ ሲያቅድ፣ አስቀድሞ ከካቴድራሉ ቆሞስ (ከአስተዳዳሪው ካህን) ጋር ተነጋግሮ የቅዳሴውን ሰዓት ማረጋገጥ ይኖርበታል። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ የደንገጎ ዳገት አውቶቡሱን ስለሚያዘገየው፣ የአወዳይ ጫት ገበያም አስፋልቱን ስለሚያጨናንቀው፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት መነሣት ይመረጣል። በመኪና ውስጥ መቁጠሪያ መድገም ከጀመሩ ዳገቱ አያሰለችም።

ቅዱስ ቁርባን የሚቀበሉ ሰዎች ቢያንስ ለ1 ሰዓት ከምግብ መጾም ሲገባቸው፣ ውኃና መድኃኒት ግን ጾሙን አያፈርሱም፤ ስለዚህ አረጋውያንን በጥም ማስጨነቅ ፈጽሞ ተገቢ አይደለም፤ ሕሙማንና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከዚህ ጾም ነጻ ናቸውና። ሐረር ከድሬዳዋ ይልቅ ደጋማ ስለሆነች ነጠላ ወይም ሹራብ መያዝ ያስፈልጋል። ከምሳ በኋላ ጀጎልን መጎብኘት ይቻላል፤ ሆኖም ተራራውን በብርሃን ለመውረድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መመለስ ይገባል።