ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት የጎማችሁን ቫልቭ እዩ

ለረጅም ጊዜ የሳይክሌን ጎማ የማስነፋው ፒያሳ አካባቢ ጎሚስታ ቤት ነበር። አንድ ቀን ልጁ በመኪና ኮምፕሬሰር ሞላልኝና «ጋሼ፣ ትንሽ ልጨምርበት?» አለኝ። ጨምርበት አልኩት። የቸርችልን ቁልቁለት ሳልጀምር የኋላው ጎማ እንደ ርችት ፈነዳ። በልጁ አልፈርድም። የሳይክል ጎማ ጠባብ ስለሆነ ኮምፕሬሰር በሁለት ሦስት ሰከንድ ከልኩ ያሳልፈዋል።

ኮሪደር ልማቱ የሳይክል መንገድ ይዞ ከመጣ ወዲህ ደግሞ በየቀኑ እነዳለሁ። ስለዚህ በእግር ረግጠው በሁለት እጅ የሚጫኑትን ቁመታም ፓምፕ ቤቴ ላስቀምጥ ብዬ ወጣሁ። እዚያም ተሳሳትኩ፤ ያውም ሁለቴ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ቫልቭ (የጎማውን ነፋስ መግቢያ) ሳላይ መግዛቴ ነው። «ለሁሉም ሳይክል ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኩ። ሻጩ «ሁሉንም ይነፋል ወንድሜ» አለኝ። ቤት ስደርስ የፓምፑ አፍ ሰፊ፣ የእኔ ቫልቭ ቀጭን። ዓይነቱ ሦስት ነው። ወፍራሙ ሽሬደር ይባላል፤ መኪና ጎማ ላይ የምታዩት ራሱ ነው። ብዙ የማውንቴን እና የልጆች ሳይክሎች ይሄ አላቸው። ቀጭኑ ፕሬስታ የእሽቅድምድም ሳይክል ላይ ይበዛል። ጫፉ ላይ በጣት የምትፈታ ትንሽ ብሎን አለችው። እሷን ሳትፈቱ ቢነፉት ቢነፉት ነፋስ አይገባም። ፈታ አድርጋችሁ አንዴ ጫን በሏት፤ «ጭስ» ካለች ተከፍታለች ማለት ነው። ሦስተኛው ደንሎፕ ሲሆን የድሮ የከተማ ሳይክሎች ላይ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የፕሬስታ አፍ ይይዘዋል።

የሚሻለው አፉ ሁለት ቀዳዳ ያለው ፓምፕ፣ ወይም ውስጡ ያለው ጎሚኒ ተገልብጦ ለሁለቱም የሚሆን ነው። ሳይክሉን ይዛችሁ መሄድ ካልቻላችሁ ቫልቩን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ። እኔን ከኪሳራ ያዳነችኝ ፕሬስታው ላይ የምትጠመድ የጣት ጥፍር የምታክል አዳፕተር ናት። እሷም ብትሆን በሳምንቷ ጠፋችብኝ።

ሁለተኛው ስህተት ወፍራም ፓምፕ ሁልጊዜ ጎበዝ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ሁለተኛውን ስገዛ አፉ ልክ ነበር፤ ሆዱ ግን ሰፊ። እስከ 70 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) እሺ ብሎ ሄደ፤ ከዚያ እምቢ አለ። መያዣው ላይ ተንጠለጠልኩ። እግሬ ከመሬት ተነሳ፤ ፓምፑ ግን ንቅንቅ አላለም። ጎረቤቴ በአጥር በኩል አይታ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ።

ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። የፓምፑ ሆድ ውስጠኛ ስፋት 38 ሚሊሜትር ከሆነ፣ 100 ፒኤስአይ ላይ ለመግፋት ወደ 80 ኪሎ የሚጠጋ ኃይል ይፈልጋል። እኔ 62 ኪሎ ነኝ። ስፋቱ 30 ሚሊሜትር ቢሆን ግን 50 ኪሎ አካባቢ ይበቃዋል። በተቃራኒው ማውንቴን ባይክ ያለው ሰው በ40 ፒኤስአይ ስለሚያቆም ያው ሰፊው ፓምፕ ከ32 ኪሎ በላይ አይጠይቀውም፤ ቶሎ ስለሚሞላለት እንዲያውም ይመረጥለታል። ቀጭን ጎማ ቀጭን ፓምፕ፣ ወፍራም ጎማ ወፍራም ፓምፕ ብላችሁ ያዙት።

እግረ መንገዴን፦ ዩቲዩብ ላይ በ20 ግፊት ጎማ ሞልቶ የሚነሳውን ሰውዬ አይታችሁ ፓምፓችሁን አትሙት። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ አንዴ ስንጫን የምናስገባው ነፋስ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። እኛ ጥቂት መጨመር አለብን፤ ክንድ ማጠንከሪያ በሉት።

ሌላው ስህተት ጌጁን (ፓምፑ ላይ ያለውን የግፊት ማሳያ) በትልቅ ቁጥሩ መምረጥ ነው። 200 የተጻፈበት ጌጅ ዓይን ይማርካል። 30 ፒኤስአይ ለሚፈልግ ሰው ግን መርፌዋ ገና ከመነሻዋ ፈቀቅ ሳትል ነው የሚያቆመው፤ 25 ይሁን 35 መለየት አይቻልም። የምትነፉበት ቁጥር ጌጁ መሃል አካባቢ ቢውል ጥሩ ነው። ጌጅ የሌለውን ደግሞ ለቀጭን ጎማ አልመክርም። አውራ ጣት ለ60 እና ለ90 እኩል «ደረቅ ነው» ይላል። ስንት ይነፋ ለሚለው የጎማውን ጎን አንብቡ፤ ቁጥሩ እዚያ ተጽፏል። ግን ከፍተኛው ቁጥር ጣሪያ ነው፣ እዚያ ድረስ ንፉ ማለት አይደለም።

ስለ ፓምፑ መቆሚያ ብዙ አልልም። ስስ ፕላስቲክ ከሆነ አንድ ቀን ይሰነጠቃል፤ ብረት ይሁን። ከፓምፑ ወደ ቫልቩ የሚሄደው ጎማ አጭር ከሆነ ደግሞ ቫልቩ ላይኛው በኩል ሲውል አይደርስም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ጎሚኒውን ነው። ፓምፕ ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው እሱ ነው፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ነፋስ ያሾልካል። «ጎሚኒው ለብቻው ይገኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ጥያቄው ካልገባው ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ እዚያው ሞክሩት። የፓምፑን አፍ በአውራ ጣት ድፍን አድርጋችሁ መያዣውን ጫኑና ልቀቁት። ደህና ከሆነ እንደ ስፕሪንግ ወደ ላይ ይመልሳችኋል። የሚያሾልክ ከሆነ ስትጫኑት ቀስ እያለ ይሰምጣል። ሦስተኛውን ስገዛ እንዲህ አደረግኩ። መደርደሪያው ላይ ሦስት ነበሩ፤ ሻጩ ፊቱን አኮሳትሮ እያየኝ ሁለቱ ሰመጡ። አንዱ እጄን መለሰልኝ፤ እሱን ይዤ ወጣሁ።