ከሚስዮን ወደ መንግሥት የዞረ ኮሌጅን ታሪክ ሲጽፉ

«ተመሠረተ» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ ታሪክ ያበላሻል። ሦስት ቀኖችን ለየብቻ ይፈልጉ፦ ትምህርት የተጀመረበትን፣ ዕውቅና የተገኘበትን፣ ንብረቱና ደመወዙ ወደ መንግሥት የዞረበትን።

አስመራ ዩኒቨርሲቲን ይውሰዱ። በ1958 እ.ኤ.አ. የከፈቱት የኮምቦኒ ሚስዮናውያን እህቶች (የካቶሊክ መነኮሳት) ናቸው፤ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ የተባለው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው፤ በመንግሥት እጅ የገባው ደግሞ በደርግ ዘመን። በ1990 እ.ኤ.አ. በጦርነቱ ምክንያት ወደ ባሌ፣ አጋርፋ ተዛወረ። ታሪኩን ከ1968 የሚጀምር ጸሐፊ የእህቶቹን የአሥር ዓመት ድካም ይሰርዛል፤ ይህ ግፍ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዘመን አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያን ዓመት ወደ አውሮፓ ሲለውጡ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ጊዜ 7፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደምሩ (ከሠግር ዓመት፣ ማለትም ጳጉሜን 6 ቀን ከምትሆንበት ዓመት በኋላ ድንበሩ በአንድ ቀን ይለወጣል)። ወር የሌለው «1960 ዓ.ም.» 1967ም 1968ም ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ይጻፉ። የጣሊያንኛ ደብዳቤ ላይ ያለውን ቀን ግን በአብዛኛው የአውሮፓ ስለሆነ ምንም አይደምሩበት።

ማኅተሙን በአጉሊ መነጽር ይዩት። ስም ሲቀየር አሮጌው ማኅተም ቶሎ ላይጣል ይችላል፤ ከወረቀቱ ራስጌና ከፊርማው ማዕረግ ጋር ሳያስተያዩ ቀን አይቁረጡ።