ቀይ ባሕር ከመግባትዎ በፊት የቅባትዎን ጀርባ ያንብቡ

በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት በደቡብ እስራኤል ወደምትገኘው የባሕር ዳር ከተማ ኤይላት ወርደው ቀይ ባሕር ውስጥ ለመዋኘት ያሰቡ ሁሉ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከመግዛታቸው በፊት በዕቃው ጀርባ የተጻፈውን የንጥረ ነገሮች ዝርዝር እንዲያነቡ እመክራለሁ። ኦክሲቤንዞን እና ኦክቲኖክሴት የተባሉት ኬሚካሎች ከቆዳ ታጥበው ወደ ውኃው ሲገቡ፣ ድንጋይ መስለው የሚታዩትን ነገር ግን ሕይወት ያላቸውን ኮራሎች፣ በተለይም ገና በማደግ ላይ ያሉትን፣ ሊጎዱ እንደሚችሉ በቤተ ሙከራ ታይቷል። የሃዋይ ግዛት እነዚህን የያዙ ቅባቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጡ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ ከ2021 መግቢያ ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። በምትካቸው ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን መምረጥ ይቻላል፤ በጠይም ቆዳ ላይ አመድ የተነሰነሰ ማስመሰሉን ግን አልክድም። ስለዚህ እኔ የምመርጠው እጅጌው ረዥም የሆነ የዋና ልብስ ነው፤ ትከሻንና ጀርባን ስለሚሸፍን የሚቀባው ፊትና እግር ብቻ ይሆናል። በዕቃው ፊት ለፊት «ለኮራል ተስማሚ» ተብሎ በጉልህ መጻፉ ብቻውን ማረጋገጫ ስላልሆነ ዝርዝሩን ማየት አይቀርም። ውኃው ውስጥ ከገቡም በኋላ፣ መነጽር ለማስተካከል ብለው እንኳ ኮራል ላይ አይቁሙ።