የቤተሰብን ሙያ ሳይለቁ ማደስ

ከአያቴ የወረስኩትን የቆዳ ሥራ ለማደስ ስነሳ መጀመሪያ የማይነካውን ለየሁ። እናንተም ከዚያ ጀምሩ፤ ዕቃውን ሳይሆን የእጁን ሙያ ፈልጉ። የፈረንሳዩ የቆዳ ዕቃ ድርጅት ኤርሜስ እ.ኤ.አ. በ1837 ፓሪስ ውስጥ የፈረስ ዕቃ በመሥራት ተጀመረ፤ መኪና ፈረስን ሲተካ ወደ ቦርሳ ዞረ፣ ስፌቱን ግን አልተወም። አንድ ክር በሁለት መርፌ፣ በየቀዳዳው ከግራም ከቀኝም ያልፋል። በአንዱ ወገን ያለው ቢበጠስ የሌላው ወገን ይይዛል። ይህን ስፌት እጅግ እወደዋለሁ።

አርማውን፣ ቀለሙን፣ የሽያጩን መንገድ ግን ሳትፈሩ ቀይሩ።

ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሳሉ ጠይቋቸው። አባቴ ክሩን ለምን በሰም እንደሚያሽ የጠየቅኩት በጣም ዘግይቼ ነው፤ ክሩ እንዲንሸራተትና ውኃ እንዲቋቋም ኖሯል። ስልካችሁን አውጡና እጃቸውን በቪዲዮ ቅረጹ፤ «ለምን?» እያላችሁ።