በአደይ አበባ ዳራ ላይ ትናንሽ ዘማሪ ወፎችን ፎቶ ማንሳት

በመስከረም ወር፣ የእንጦጦ ተዳፋትና የሱሉልታ ሜዳ ዳርቻ በአደይ አበባ ቢጫ ሲለብስ፣ ትናንሽ ዘማሪ ወፎችን ፎቶ ለማንሳት የሚፈልጉ ከሆነ ወፏን ከማሳደድ ይልቅ አስቀድመው ዳራውን መምረጥ ይኖርብዎታል። ወፎች ደጋግመው የሚያርፉበትን የደረቀ ቅርንጫፍ ወይም የአጥር ጫፍ ይለዩና፣ አበባው ከማረፊያው 10 ሜትር ያህል ወደ ኋላ በሚርቅበት አቅጣጫ ዝቅ ብለው ይቀመጡ፤ በ400 ሚሊሜትር ሌንስና በኤፍ 5.6 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ሲያነሱ ያ ሁሉ አበባ ቅርጹን አጥቶ ለስላሳ የቢጫ ቀለም ብቻ ይሆናል። ትንሽ ወፍ አርፋም አንገቷ ስለማያርፍ፣ የመዝጊያው ፍጥነት ከሰከንድ 1/1000ኛ ባይዘገይ ይመረጣል። ትኩረቱ ዓይኗ ላይ ይሁን።

አስቸጋሪው ጉዳይ ብርሃኑ ነው። ፍሬሙን የሞላ ደማቅ ቢጫ ካሜራውን ስለሚያታልለው ምስሉ ይጨልማል፤ በተለይ የጥቁር ወፍ ላባ ዝርዝሩን ያጣል። ስለዚህ በካሜራው የብርሃን ማካካሻ (ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን) የብርሃን መጠኑን በ2/3 እርከን (ስቶፕ) ያህል ከፍ ያድርጉ፤ ሆኖም ቢጫው ከልክ በላይ ነጥቶ የአበባው ቀለም እንዳይጠፋ በየጊዜው ምስሉን አጉልተው ይመልከቱ። ሰማዩ ከጠራ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ስስ ደመና ካለ ግን፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የተሻለው እርሱ ነው፣ ረፋዱንም መሥራት ይቻላል። የወፍ ጎጆ ካዩ ግን እንዳይረብሹ ሌላ ቦታ ይፈልጉ።