ጣና ላይ ለቤተሰብ ፖንቱን ጀልባ ስንመርጥ፦ ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር ላይ ለቤተሰብ ሽርሽር ፖንቱን ጀልባ (ጠፍጣፋ ወለሉ በቱቦዎች ላይ የሚንሳፈፍ ጀልባ) ለመግዛት የሚዞር ሰው ግራ የሚገባው ሁለት ተመሳሳይ ጀልባ ሲቀርብለት ነው። ሶፋው ያው፣ ጥላው ያው፣ ዋጋውም ተቀራራቢ። ልዩነቱ ያለው ከወለሉ በታች ነው፤ ጀልባውን በሚያንሳፍፉት የአሉሚኒየም ቱቦዎችና በሞተሩ። ሁለቱንም ውሃ ላይ አውጥታችሁ ሞክሯቸው።

ባዶውን ይፈተለካል፣ ቤተሰብ ሲሳፈር ይንቀራፈፋል

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከፍታ ነው። ጣና ያለው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 60 የፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ 50 ቢሰጥ ነው።

መፍትሄው፦ ለጀልባው ከተፈቀደው ልክ ሳታልፉ ትልቁን ሞተር የያዘውን ምረጡ። ሞተራቸው እኩል ከሆነ ፕሮፔለሩ (ከኋላ እየተሽከረከረ የሚገፋው) ዝቅተኛ ፒች ባለው፣ ማለትም በአንድ ዙር አጭር ርቀት በሚገፋ ይቀየር፤ ሞተሩ ሳይጨነቅ ይዞራል። ሙከራውን ደግሞ በባዶ ጀልባ አታድርጉት። ዘጌ ደርሶ የሚመለሰውን ሰው ሁሉ ከነስንቁ ጫኑ።

ሞገድ ሲመጣ የጀልባው ፊት ውሃ ይዝቃል

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ አጭርና ተከታታይ ይሆናል። ሰው ሁሉ ፎቶ ሊነሳ ወደ ፊት ከተሰበሰበ ወይም ነጂው ነዳጁን ድንገት ከቀነሰ ፊቱ ይደፋል። ሰዎቹን ወደ ኋላ መልሱ፣ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ቀንሱ። ደቅ ደሴት ድረስ ለመሄድ ካሰባችሁ ባለ ሦስት ቱቦውን ያዙ። ለአባይ መውጫና ለዘጌ ግን ጠዋት ወጥቶ ለሚመለስ ሰው ደህና ባለ ሁለት ቱቦ ይበቃል። (ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች ስለማይገቡ ለቤተሰብ ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይሻላል።)

ማንም ሳይሳፈርበት ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል

ይሄን በቀላሉ አትለፉት። አንዱ ቱቦ ውሃ አስገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ብየዳው ጋ ነው። መጀመሪያ ሞተሩና ዕቃው ወደ አንድ ጎን አለመክበዱን እዩ። ከዚያ በሁለቱም ቱቦ ላይ ውሃው የደረሰበትን መስመር በስንዝር ለኩ። ጀልባውን ደረቅ ላይ አውጡና ቱቦውን ከታች በጣት አንጓ ኳ ኳ አድርጉት። ባዶው ያስተጋባል፤ ውሃ ያለበት ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ሻጩንም ቱቦው ውስጡ በክፍል የተከፋፈለ መሆኑን ጠይቁት። የተከፋፈለው ቢበሳ የሚሞላው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። በእኔ እምነት ከሶፋው ጥራት ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው።

ሞተሩ ይግላል

ብዙ ጊዜ እምቦጭ ወይም ፌስታል የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያ ደፍኖት ነው። ከሞተሩ ኋላ የሚወጣው ቀጭን ውሃ ከቆመ ወዲያው አጥፉና አጽዱት።

ልጆች ከፊት አጥሩ ውጭ እየወጡ ይቀመጣሉ

ልጅ እዚያ እግሩን አንጠልጥሎ ቢወድቅ ጀልባው በላዩ ያልፋል፤ ፕሮፔለሩ ደግሞ ከኋላ ነው። በሩ በልጅ እጅ የማይከፈተውን ጀልባ ምረጡ። ላይፍ ጃኬትም በየልጁ ልክ ይሁን። አስሩለትና ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ አገጩን አልፎ ከወጣ ሰፍቶታልና ሌላ አምጡ።